ቀለህ በአቼቶ ዘፍዝፌ ሮዝ ሆነብኝ፤ ይጣል ወይስ ይተርፋል?

የአውሮራው ጀማሪ (ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥይት መልሶ በመሙላት ሥራ ገና ዳዴ የምል ሰው ነኝ። መሙያ ማሽኑን የገዛሁት ባለፈው ዓመት ሲሆን እስካሁን አንድም ጥይት አልሞላሁበትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተኩስ መለማመጃ ቦታ የለቀምኩት ወደ 400 የሚጠጋ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ፣ እንዲሁም አጋዘን ከማድንበት የ308 ጠመንጃ የተረፈኝ 60 ቀለህ በቡና ጣሳ ተቀምጦ ነበር።

ቀለሆቹ ጠቁረውና ደብዝዘው ስለ ነበር አንድ ወዳጄ በነገረኝ መሠረት በባልዲ ሙቅ ውኃ፣ አቼቶ፣ አንድ እፍኝ ጨውና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀላቅዬ ሁሉንም ባንድ ላይ ዘፈዘፍኳቸው። ሐሳቤ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። ነገር ግን ከሥራ ቦታ ተደውሎልኝ የቀረ ሰው ለመተካት ስሮጥ ባልዲውን ረሳሁትና ዐሥራ አንድ ሰዓታት ያህል ቆይቼ ስመለስ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ከቀለሆቹ ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ አዲስ እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ሮዝ ተለውጠው አገኘኋቸው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ሮዝ የሆኑት ቀለሆች ይጣሉ ወይስ ያገለግላሉ? ሁለተኛ፣ ወደ ፊት በምን መንገድ ላጽዳቸው? ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ አለኝ። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ስላለችን ባለቤቴ ይህ ሥራ ወደ ወጥ ቤት እንዳይገባ አስቀድማ ከልክላኛለች።


ባለ ሁለት ታምብለር (ዳላስ)

ወንድሜ፣ አይደንግጡ፤ ይህ ብዙዎቻችንን ያጋጠመ ነገር ነው። ለጊዜው ሁሉንም በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ ከዚያም አሲዱ እንዲበርድ ጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ነክረው እንደገና ያለቅልቁና ፎጣ ላይ ዘርግተው ያድርቁ። ሮዝ የሆኑትን ለብቻ ያስቀምጡ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ብረት የምታውቅ አንዲት እህት ስላለች እርሷ እስክትመልስ ድረስ ምንም አይጣሉ፤ ምንም አይሙሉ።


ናስና መዳብ (ኦሃዮ)

ተጠርቼ መጣሁ።

ቀለህ የሚሠራበት ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ይህ ድርሻ የተመረጠው ብረቱ ሳይሰነጠቅ ከዝርግ ቁራጭ ተስቦ ጥልቅ ኩባያ ለመሆን ስለሚችል፣ ሲተኮስም ተለጥጦ የጠመንጃውን ጎሬ ከዘጋ በኋላ ወዲያው ጥቂት ስለሚኮማተርና በቀላሉ ተስቦ ስለሚወጣ ነው። ዚንክ ከመዳብ ይልቅ ለአሲድ ቶሎ እጁን ይሰጣል። በተለይ አቼቶው ላይ ጨው ሲጨመርበትና ሰዓቱ ሲረዝም አሲዱ ከነሐሱ ገጽ ላይ ዚንኩን እየለቀመ ያወጣዋል፤ የሚቀረው መዳብ ሲሆን እርሱም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበትና ደካማ ነው። ቀለሙ ሮዝ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ሲሆን፣ ክፉው ምክንያትም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙም ጉዳት የለውም። አሲዱ ከቀለሆቹ ጥቂት መዳብ አሟሙቶ ውኃው ውስጥ ይዞ ሳለ በባልዲው ውስጥ ብረት፣ ማለትም የሚዝግ ዓይነት ብረት፣ ቢገኝና ቀለሆቹን ቢነካ፣ ብረቱ እየሟሟ በውኃው ውስጥ ያለው መዳብ ተመልሶ በነሐሱ ላይ እንደ ቀጭን ቅብ ያርፋል። ወርቅና ብር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የብረት ወረንጦ በአሲድ ማጽጃቸው ውስጥ አያስገቡም፤ ቢያስገቡ ነጩ ብር መዳብ ለብሶ ይወጣባቸዋልና። እንዲህ ያለው ቅብ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ የቀለሁን ጥንካሬ አይነካም።

ስለዚህ እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በባልዲው ውስጥ ብረት ነበረ ወይ? ሽቦ፣ ብሎን፣ ማንኪያ፣ ወይም ከነሐስ ያልተሠራ ቀለህ ሊሆን ይችላል። ማግኔት ይውሰዱና አንድ በአንድ ይፈትሹ።


የአውሮራው ጀማሪ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከማቀዝቀዣው በር ላይ የልጄን ማግኔት ነቅዬ ወረድኩ፤ ቢራቢሮ የተሳለበት ነው። ሁሉንም ቀለሆች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቢራቢሮውን በላያቸው ሳንሸራትት ሰባቱ ተነሥተው ተጣበቁበት። ስለቅማቸው ቢጫ ስለ ነበሩ ነሐስ ናቸው ብዬ አምኜ ነበር። አሁን ግን ቢጫው ቅባቸው ተገፎ ግራጫ ሆነዋል፤ ሁለቱ በአፋቸው ዙሪያ ዝገት ጀምሯቸዋል። ሮዝ የሆኑት የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሆች በአብዛኛው ከባልዲው ግርጌ የነበሩት ናቸው፤ እነዚህ ሰባቱም የነበሩት እዚያው ነው።

የ308ቶቹ ከላይ ስለ ነበሩ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ሮዝ የሆኑት። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹን በጥፍሬ ስዳስሳቸው ወደ ግርጌያቸው አካባቢ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራሉ።


ናስና መዳብ

ወንድሜ፣ ነገሩ ተፈታ፤ ግን ሁለቱን ለይተን እንይ።

የ9 ሚሊ ሜትሮቹን በደረቅ ታምብለር፣ ማለትም ቀለሆችን ከሚፍቅ ነገር ጋር እያንቀጠቀጠ በሚያጸዳ ማሽን፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያስኪዷቸው። ሮዙ ለቆ ከሥሩ ለስላሳና ቢጫ ነሐስ ከወጣ፣ የነበረው ከብረቱ የመጣው ቅብ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። ሮዙ ሳይለቅ የቀረውን ወይም በጥፍር የሚሻክረውን ይጣሉ።

ስለ 308ቶቹ ግን አልራራም። ገጹ የሻከረው ቀለህ ዚንኩ የተለቀመበት ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት 35,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ሲሆን የ308 ግን 62,000 ነው። ይህን ሁሉ ግፊት ከፊትዎ የሚለየው የቀለሁ ግርጌ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የተበላ ነሐስ ይዞ መተኮስ የአንድ ቀለህ ዋጋ አያወጣም። የሻከሩትን በፒንሳ አፋቸውን ጨፍልቀው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይጣሏቸው፤ ሳይጨፈለቁ ከተቀመጡ ሌላ ቀን ተመልሰው ከደኅነኞቹ ጋር ይቀላቀላሉ።


የቆረቆንዳ ወዳጅ (ሚኒሶታ)

ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለህ ያጸዳሁት በአንድ የሚንቀጠቀጥ ታምብለርና በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። አንድም ቀን አቼቶ ገዝቼ አላውቅም፤ አንድም ቀን ሮዝ ቀለህ አይቼ አላውቅም።

ሰዎች የሚሳሳቱት ቀለህ የሚጸዳው እንዲያበራ ይመስላቸዋል። አጋዘኑ ቀለሁን አያየውም። የምናጸዳበት ምክንያት ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ በቀለሁ ላይ የተጣበቀ አሸዋ ወደ ማስተካከያው ዳይ፣ ማለትም የተለጠጠውን ቀለህ ጨምቆ ወደ ልኩ ወደሚመልሰው ቅርጽ ማውጫ፣ ከገባ ዳዩን ይጭረውና ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ቀለህ ሁሉ ሲጭር ይኖራል። ሁለተኛው፣ ጥላሸት የሸፈነው ቀለህ ስንጥቁን ይደብቃል። ቀለሁ ከነቀለሙ ደብዛዛ ሆኖ ቢቀርም አሸዋውና ጥላሸቱ ከለቀቀ ሥራው ተፈጽሟል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቀለሆቹ በጣም የቆሸሹ ከሆነ መጀመሪያ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ያስኪዱ፤ እርሱ ከቆረቆንዳው ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ጥላሸት ይፍቃል። ማለስለስ የሚፈልጉ ከሆነ ቆረቆንዳውን ያስከትሉ። የዋልነት ቅርፊቱን የቤት እንስሳት ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር ይግዙት፤ ለእንሽላሊት መኝታ ተብሎ የሚሸጠው ያው ነው፤ የተኩስ ዕቃ ሻጮች ከሚጠይቁት ዋጋም እጅግ ይረክሳል። አቧራው እንዲያዝ ደግሞ ያገለገለ የልብስ ማድረቂያ ሉህ በትናንሹ ቆራርጠው ይጨምሩ፤ ጠቁሮ ይወጣል፤ በየዙሩም ይቀይሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የተለያየ ልክ ያላቸውን ቀለሆች ቀላቅለው አያስኪዱ። የ9 ሚሊ ሜትሩ በ40ው ውስጥ፣ 40ው በ45ቱ ውስጥ ይገባና እንደ ሻይ ብርጭቆ ተደራርበው ተጣብቀው ያገኟቸዋል፤ በመካከላቸው ቆረቆንዳ ስለሚሞላ ደግሞ ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።


እናትም ነርስም (ሜሪላንድ)

ስለ ጠመንጃ አላውቅም፤ በዚህ መድረክ ላይ ያለሁት ባለቤቴ አዳኝ ስለሆነ ነው። ነገር ግን «ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ» እና «የሦስት ዓመት ልጅ» የሚሉትን ባንድ ጽሑፍ ውስጥ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በጥይት ግርጌ ላይ ያለችው ፕራይመር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማቀጣጠያ ሊድ ስታይፍኔት የሚባል የእርሳስ ውሕድ ነው። ሲተኮስ እርሳሱ በቀለሁ ውስጥ እንደ ጥቁር ዱቄት ይቀራል። በደረቅ ታምብለር ሲንቀጠቀጥ ወደ ቆረቆንዳው ይሸጋገራል፤ ክዳኑ ሲከፈትና ሲንገዋለል ደግሞ እንደ አቧራ ይነሣል። አቧራው በሹራብ፣ በጫማና በፀጉር ላይ አርፎ ወደ ሳሎን ምንጣፍ ይገባል። ምንጣፉ ላይ የምትዳኸው፣ ጣቷንም አፏ ውስጥ የምትከትተው ማን እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ለልጆች የደም እርሳስ ማመሳከሪያ ቁጥሩን በዴሲሊትር ከ5 ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። ይህም ቢሆን ክትትል የሚጀመርበት ልክ ነው እንጂ ለልጅ ደኅና ነው የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። የልጅ አንጀት ከአዋቂ ይልቅ እርሳስን አብልጦ ይመጣል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው ገና በማደግ ላይ ባለ አእምሮ ላይ ነው።

ስለዚህ ታምብለሩ ከቤት ውጭ ይሁን። የሚጣል ጓንት ያድርጉ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚለበስ ሸሚዝና ጫማ ይኑርዎት፤ ሸሚዙም ከልጅዎ ልብስ ጋር አይታጠብ። ሥራውን እንደ ጨረሱ እጅዎን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን፤ ከታምብለር ተነሥቶ እንጀራ መቁረስ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የጋራዡን ወለል በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ መጥረጊያ አቧራውን ያስነሣዋል እንጂ አያስወግደውም። እስካሁን በጋራዡ ውስጥ ቀለህ ሲነካኩ ከቆዩ ደግሞ ልጅቱን ለሐኪሟ ወስደው የደም ምርመራ ቢያስደርጉላት መልካም ነው፤ ምርመራው ቀላል ነው።


ባለ ሁለት ታምብለር

እህታችን የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ከደረቁ ወደ እርጥቡ የዞርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። በእርጥቡ ዘዴ እርሳሱ በውኃው ውስጥ ስለሚቀር አቧራ ሆኖ አይነሣም።

አሠራሬን በዝርዝር ልንገርዎት። አስቀድሜ የተተኮሰውን ፕራይመር በአንድ ለዚህ ብቻ በተሠራ ዳይ አወጣለሁ፤ ሳይወጣ ከታጠበ ፕራይመሩ የሚቀመጥበት ጎድጓድ ሳይጸዳ ይቀራል፤ ውኃም እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ከዚያ ቀለሆቹን በሚሽከረከረው በርሜል ውስጥ ከሁለት ኪሎ ትንሽ ከሚበልጥ ደቃቅ የማይዝግ ብረት መርፌ ጋር አስገብቼ ቀዝቃዛ ውኃ እሞላለሁ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንድ ጭምቅ ይበቃል። ለሎሚ አሲድ ዱቄቱ ግን መስፈሪያዬ ማንኪያ አይደለም፤ አንዲት የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ሙሉ ለአንድ ጋሎን ውኃ እሰፍራለሁ። መጀመሪያ ጊዜ «ይህችማ ምን ትሠራለች» ብዬ በሾርባ ማንኪያ ጨምሬ ነበር፤ ቀለሆቼ እንደ እርስዎ ሮዝ ሆነው ወጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በርሜሉ ሲከፈት የሚፈስሰው ውኃ ከሰል የታጠበበት ይመስላል፤ ቀለሆቹ ግን ውስጣቸው ሳይቀር ከፋብሪካ የወጡ ያህል ይሆናሉ።

መርፌዎቹን ከቀለሆቹ የምለየው በማጥለያ ውስጥ፣ ውኃ በሞላ ባልዲ ላይ፣ በሰፌድ እህል እንደሚበጠር አድርጌ በማገላበጥ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ግን ጨርሻለሁ ብሎ እንዳያምን፤ ሁለት መርፌዎች በአንድ የእሳት ቀዳዳ (የፕራይመሩ እሳት ወደ ባሩዱ በሚያልፍበት) ውስጥ ጎን ለጎን ተሰክተው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። እያንዳንዱን ቀለህ ወደ ብርሃን አቅንቼ በቀዳዳው አሾልቄ ሳላይ አላሳልፍም።

ለማድረቅ ፀሐይ ከሁሉ ይሻላል። በክረምት የምግብ ማድረቂያ ማሽን እጠቀማለሁ፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ግን ምግብ አይቶ አያውቅም። በወጥ ቤት ምድጃ ማድረቅን አልመክርም፤ አንድም በእርሳሱ ምክንያት፣ ሌላም ሙቀቱ አለልክ ከወጣ የቀለሁ ግርጌ ስለሚለሰልስ ነው። ጥቁሩን ውኃም በአትክልት ቦታ አያፍስሱት። የከተማዎ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ምን እንደሚል ጠይቀው ያስወግዱት።


የቆረቆንዳ ወዳጅ

የእርሳሱን ነገር ተቀብያለሁ። የእኔ ታምብለር ከጓሮ ባለች የዕቃ ጎጆ ውስጥ ስለሆነ ነገሩን አቅልዬ ተናግሬ ነበር፤ ልጅ ላለበት ቤት እርጥቡ ይሻላል።

መርፌውን ግን አልወደውም። የቀለሁን አንገት ውስጡን ሙልጭ አድርጎ ሲፍቀው፣ አረሩ፣ ማለትም የሚወነጨፈው የጥይቱ ክፍል፣ ሲሰካ የሚያንሸራትተው ስስ የካርቦን ልባስ ይጠፋና አረሩ በባዶ ነሐስ ላይ እያንገጫገጨ ይገባል። በዚህ ምክንያት አረሩን የሚይዘው ጉልበት ከቀለህ ቀለህ ይለያያል፤ በሩቅ ዒላማ ላይ የሚተኩስ ሰው ይህን በወረቀቱ ላይ ያየዋል። ደግሞም ቀለሆቹ በበርሜል ውስጥ ብዙ ሰዓት እርስ በርስ ሲጋጩ አፋቸው ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። በውኃ ያጠቡ፤ መርፌውን ግን ይተዉት፤ ሰዓቱንም ያሳጥሩ። ውስጡ ትንሽ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ይቅር።


ባለ ሁለት ታምብለር

ጋሼ፣ ለ9 ሚሊ ሜትር ይህ ሁሉ ልዩነት አይታይም። ለ308 ግን እውነትዎን ነው፤ እኔም የአደን ቀለሆቼን ያለ መርፌ ነው የማጥባቸው።


የክሩ ተቆጣጣሪ

ስለ ባሩድ ልክ የተጠየቀ አንድ ጥያቄ ሰርዣለሁ። በዚህ መድረክ ላይ የባሩድ ልክ አይጻፍም፤ ከባሩዱ አምራች መመሪያ ይወሰዳል። ክሩ፣ ማለትም ይህ ውይይት፣ የጽዳት ነው።


የፌርፋክሱ አዛውንት (ቨርጂኒያ)

ልጆቼ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ መልሼ የምሞላ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ ቀለህ ሲወራ ልቤ ይነሣል። በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ውጅግራ ተሰቅሎ ነበር። ጥይት በእጅ እንደ ገንዘብ ይሰጥና ይወሰድ የነበረበትን የምኒልክን ዘመን አያቴ ከአባቱ እየሰማ አድጎ ኖሮ፣ ባዶ ቀለህ እንኳ ሲጣል አይወድም ነበር። አክስቴ ኩሏን የምታኖረው በቀለህ ውስጥ ነበር፤ ክዳኑም እንጨት ተጠርቦለት መኳያው አብሮት የተሠራ ነው። እናቴ ደግሞ የነሐሱን ትሪ ለበዓል የምታጸዳው በአመድና በግማሽ ሎሚ ነበር። አመዱን በሎሚው ፊት ነካ አድርጋ እያሸች ስታወጣው ትሪው ፊት ያሳይ ነበር።

እንግዲህ ሎሚው እዚህ ከምታወሩለት የሎሚ አሲድ ጋር አንድ ከሆነ አመዱስ አይሆንም ወይ? ሌላም ጥያቄ አለኝ። ቤቴ ውስጥ ለነሐስ ዕቃ የምጠቀምበት አፍንጫ የሚሰነፍግ ፈሳሽ ማጽጃ አለ፤ መስቀልና መቅረዝ ጥሩ አድርጎ ያበራል። ለእነዚህ ልጆች ልጠቁማቸው ብዬ ነበር።


ናስና መዳብ

ጋሼ፣ እርስዎ ሳያውቁት ከሁሉ የሚከፋውን ነገር ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ።

አመዱ በደቃቅ አሸዋነቱ ይፍቃል፤ በጨውነቱም ቅባት ያነሣል። ለትሪ መልካም ነው። ለቀለህ ግን ጭረቱ ወደ ዳዩ ስለሚሄድ አይሆንም። ሎሚው ያው የሎሚ አሲድ ነው፤ እናትዎ ከእኛ ቀድመው ደርሰውበታል።

አፍንጫ የሚሰነፍገው ፈሳሽ ግን አሞኒያ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ለቀለህ እርም ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ሠራዊት ክረምት ሲገባ ጥይቱን ዝናብ እስኪያባራ ድረስ በፈረስ ጋጣዎች ያስቀምጥ ነበር። ክረምቱ አልፎ ጥይቱ ሲወጣ ማንም ሳይነካው ቀለሆቹ ተሰንጥቀው ይገኙ ጀመር። ከወቅቱ ጋር ስለሚመጣ «የወቅት ስንጥቅ» አሉት። ምክንያቱ ተጣርቶ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ፣ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፣ ነሐሱ ሲሠራ በውስጡ ተወጥሮ በቀረው ኃይል ላይ ሲጨመር በብረቱ ቅንጣቶች መካከል እየገባ ይሰነጥቀው ኖሯል። ነሐሱ ከላይ ሲያዩት ያበራል፤ የተበላው ከውስጥ ነው። የእርስዎ መቅረዝ በየጊዜው ተጭኖና ተለጥጦ ስለማያውቅ ብዙ አያሰጋውም። ቀለህ ግን በተተኮሰና በዳይ በተጨመቀ ቁጥር ውጥረት ይጨምራል።

የመኪና ሰም ወደ ቆረቆንዳው የምትጨምሩም ብትሆኑ ጀርባውን አንብቡ፤ አሞኒያ የሚል ካለበት መልሳችሁ አስቀምጡት።


አንድ ጥያቄ ብቻ (ሲያትል)

ይቅርታ፤ ትርፍ የጦር ሠራዊት ጥይት ተኩሼ ከመታጠባቸው በፊት ፕራይመሩን ላወጣ ስል የዳዩ መርፌ ተሰበረብኝ። ሁለተኛ መርፌ ገዝቼ እርሱም ተሰበረ። ምንድነው?


የቆረቆንዳ ወዳጅ

በቀለሁ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። በመካከል አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር የሚባለው የፕራይመር ዓይነት ነው፤ ይወጣል። በመካከል እብጠት ኖሮ ግራና ቀኝ ሁለት ደቃቅ ቀዳዳዎች ካሉ በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው፤ መርፌው የሚመታው ጠጣር ነሐስ ስለሆነ ይሰበራል። የሚገርመው ቦክሰር እንግሊዛዊ መኮንን፣ በርዳን ደግሞ አሜሪካዊ መኮንን ነበሩ፤ አሜሪካ የያዘችው የእንግሊዛዊውን ሲሆን የአሜሪካዊው ባሕር ተሻግሮ ቀረ። ሦስተኛ መርፌ አይግዙ፤ ቀለሆቹን ይጣሉ።


የአውሮራው ጀማሪ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ።

አንድ ትንሽ የሚሽከረከር ታምብለር ገዝቼ ከጓሮ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። ጋራዡን ከባለቤቴ ጋር በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ወለወልን፤ የመጀመሪያው ጨርቅ ግራጫ ሆኖ ወጣ። የ9 ሚሊ ሜትሮቹ በጠቅላላው 403 ነበሩ። ሰባቱ ብረቶች ወጡ። ከታጠቡ በኋላ ዘጠኙ አፋቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየባቸው፤ ጥላሸት ለብሰው ሳሉ አንዱንም አላየሁም ነበር። የቀሩት 387 ሮዛቸው በቆረቆንዳ ለቆ ለስላሳ ሆነዋል። ቆረቆንዳውን ያስኬደልኝ ከከተማ ውጭ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፤ ልጅ የለውም።

ከ60ዎቹ የ308 ቀለሆች መካከል የሻከሩትን 14 በፒንሳ ጨፈለቅኩ። የቀሩትንም፣ የወረቀት ማያያዣ ጫፉን ቆልምሜ በውስጣቸው ከአፍ ወደ ግርጌ እየጎተትኩ ዳሰስኳቸው። በሁለቱ ውስጥ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ማያያዣው እንደ ቦይ ባለ ነገር ላይ ተነቀፈ፤ ከውጭም ሳየው በዚያው ቦታ ደማቅ ቀለበት አለ። እዚያ ጋ ነሐሱ ሳስቶ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊበጠስ እንደሚችል አንብቤ ስለ ነበር እነዚህንም ለይቻለሁ። 44 ቀርተውኛል።

የልጄን ደም ማክሰኞ ሰጥተናል። ውጤቱ ገና አልመጣም።


እናትም ነርስም

እግዚአብሔር መልካሙን ያሰማዎት። ሲመጣ ቁጥሩን ይጻፉልኝ፤ «ደኅና ነው» የሚል ቃል ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ፣ ቁጥሩን ጠይቁ።


የፌርፋክሱ አዛውንት

ልጄ፣ ያልጨፈለቅካቸውን ሁለቱን የ308 ቀለሆች በፖስታ ብትልክልኝ ለልጅ ልጄ እንደ አክስቴ ያለ የኩል ብልቃጥ አሠራላት ነበር።


እናትም ነርስም

ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ቀለሁ እርሳስ የነካው ነው፤ ኩሉም ራሱ ብዙ ጊዜ እርሳስ ያለበት ነው። በልጅ ዓይን ላይ አይሆንም።


የፌርፋክሱ አዛውንት

እሺ ልጄ፤ ታጥበው ይምጡልኝና ከመጻሕፍቴ መደርደሪያ ላይ፣ እጇ ከማይደርስበት፣ አቆማቸዋለሁ።